ባሕርን በጋን የጠነሰሰው ጉሬዛ

ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆች። አዋቂዎቹም ብትሰሙ አይከፋም።

ድሮ ድሮ፣ አውሬ ሁሉ ለቅሶ በሚደራረስበት፣ ሠርግ በሚጠራራበት ዘመን፣ ስሟን እኔም ባልሰማኋት በአንዲት ደጋ አገር አያ ጉሬዛ ይኖር ነበር። ያቺን ጥቁርና ነጭ ካባውን መቼስ ታውቋታላችሁ። ሲቀመጥ ይዘረጋታል፣ ሲነሣ ይሰበስባታል፤ ያየው ሰው ከሌለ ምሳም አይወርድለት! ከተለመደ ግን ካባም ጨርቅ ነው። አውሬው አይቶ አይቶ ጠገበና ዞር ብሎ የሚያየው ጠፋ።

«ማንም የሌለው ነገር ካላመጣሁ ሞቻለሁ» አለና፣ ከጨው ነጋዴዎች ኋላ ኋላ ተከትሎ ቆላውን ሁሉ አቋርጦ ባሕር ዳርቻ ወረደ። እዚያ ዓለት ሥር አንዲት ትንሽ ዓሣ አየ። ወገቧ ላይ የወርቅ ጥለት የመሰለ መስመር አላት።

«አንቺ ቆንጆ፣ ማን ይሉሻል?»

«ወርቂት።»

«ታዲያ ወርቂት፣ እዚህ ጭንጫ ሥር ምን ትሠሪያለሽ? እኔ በጓሮዬ ከዚህ የሚበልጥ ባሕር አለኝ። የጎደለው እንዳንቺ ያለ ዓሣ ብቻ ነው።»

«ደጋ ላይ ባሕር? ጨውስ አለው?»

«ጉሬዛ ነኝ፣ ባለካባው! ለእኔ ምን ይጠፋል?»

ወርቂት ልጅ ናት፤ ከዚያች ዓለት ወዲያ አገር አላየችም። የማየት ጉጉት አታለላትና የባሕር ውሃ ሞልቶ ባቀረበላት ቅል ውስጥ ዘላ ገባች። ጉሬዛ ቅሉን አንጠልጥሎ ተነሣ። መንገዱን ይዞ ወደ ቤቱ እንደመሄድ በአንበሳ ደጅ ጎራ አለ።

«ጌታዬ፣ እሑድ ይምጡልኝ። በጓሮዬ ባሕር አሳይዎታለሁ።»

አንበሳም ጺሙን አሻሸና፣ «ባሕር ካለህ እሰየው። ከሌለህ ግን ያቺን ካባህን ገፍፌ ምንጣፍ አደርጋታለሁ» አለው።

እቤቱ ሲደርስ ሚስቱ እሜቴ ጉሬዚት ደጃፍ ቆማለች።

«ጋን ስጪኝ! ትልቁን!»

«የጠላዬን ጋን? ምን ልታደርገው?»

«ባሕር ልሠራበት።»

«አበድክ እንዴ አንተ ሰውዬ?» አለች። እሱ ግን ጋኑን ጎትቶ አወጣና የምንጭ ውሃ ሞላው። ወርቂትን ሊገለብጣት ቅሉን ሲያዘነብል፣ ከጋኑ የተፈናጠቀች አንዲት ጠብታ ቀምሳ ጮኸች።

«ኧረ ወየው! ይሄ ጣዕም የሌለው ውሃ ነው፤ እዚህ ከገባሁ ከምሳ በፊት እሞታለሁ! ባሕርዎ የታለ?»

ጉሬዛ ጭራውን አከከ። «ገና... ገና እየተሠራ ነው።»

ወርቂት እንደተታለለች ያን ጊዜ ገባት። ደነገጠች፣ አለቀሰች፤ ግን እንባዋ ባሕር አይሆናትም። ቆይታም ተረጋጋችና እንዲህ አለች፦ «እንግዲያስ ጨው ይጨምሩ፤ በልክ! ታች አሸዋ ያንጥፉ። ከዚያ ዝም ብለው ይተውት። ቀስ ይበሉ አያ ጉሬዛ፣ ቀስ! ውሃም እንደ ጠላ ይጠነሰሳል፤ ሳይደርስ አይነካም።»

«እውነቷን ነው» አለች ጉሬዚት።

«ጉሬዛ ነኝ፣ ባለካባው! እኔ ውሃ እስኪደርስ የምጠብቅ ነኝ?» አለና ከጓዳ ያገኘውን አሞሌ ጨው እንዳለ ጋኑ ውስጥ ወረወረው።

«ዕንቁላል ጥለው ይዩ» አለች ወርቂት። ቢጥል፣ ዕንቁላሉ መስመጡ ቀርቶ እንደ ታንኳ ተንሳፈፈ። ጨዉ በዛ! ውሃ ቀነሰ፣ ውሃ ጨመረ፤ ዕንቁላሉን ሊያወጣ ሲታገል እጁ ላይ ፈረጠበትና ጋኑ ውስጥ ፈሰሰ። በማግስቱ ውሃው እንደ አጓት ነጣ። ከዚያ ወዲያማ ሽታው ጎረቤት ያስቀይም ጀመር።

«ደፍተው እንደገና ይጀምሩ። ቀስ ይበሉ አያ ጉሬዛ፣ ቀስ!»

«ጉሬዛ ነኝ፣ ባለካባው! እሑድ ደርሷል፣ ምኑን እንደገና?»

ወርቂት ግን በቅሏ ውስጥ ትንፋሽ እያጠራት ነበር። ጉሬዚት አዘነችላትና ቅሉን ጥላ ውስጥ አስቀምጣ፣ ውሃው አየር እንዲያገኝ በጭልፋ ቀስ እያለች ታማስልላት ነበር።

እሑድ ፀሐዩ አናት ሲበሳ አንበሳ አጃቢዎቹን አስከትሎ ዳገቱን እያለከለከ ወጣ። «የታለ ባሕሩ?» ጉሬዛ ካባውን ዘርግቶ ወደ ጋኑ አመለከተ። አንበሳም ውሃ ጥም ይዞት ነበርና፣ «ማየት ብቻ ምን ያደርጋል?» ብሎ ራሱን እስከ ጆሮው ከቶ ገፋ አድርጎ ጠጣ።

እንትፍ! አጃቢዎቹ ላይ ረጨው። ጺሙ ላይ የዕንቁላል ቅርፊት ተለጥፏል። ሊስቅ የቃጣው ቀበሮ አፉን በጭራው አፈነ።

«አንተ! ግማት አጠጣኸኝ! ና ወዲህ፣ ካባህን!»

ጉሬዛ ካባውን ሰብስቦ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ይህን ጊዜ ከቅሉ ውስጥ ቀጭን ድምፅ ተሰማ።

«ጌታዬ፣ አይግፈፉት! ቤቱ ቆሞ ክዳኑ ቀርቶ ነው።»

«አንቺ ደግሞ ማነሽ?»

«የባሕር ልጅ ነኝ። ውሃው የሚጠራው አረንጓዴ በለበሰ የባሕር ድንጋይ ነው፤ እድፉን የሚበላው እሱ ነው። ያንን ድንጋይ ለይቶ የሚያውቀው ግን የባሕር ተወላጅ ብቻ ነው።»

አንበሳ አሰበ። ባሕሩንም ማየት አምሮታል። «ይዘሃት ውረድ! ድንጋዩን አስመርጠህ ባሕሩን ሳትጨርስ ዓይኔ እንዳያይህ!»

ጉሬዛ ካባው ስለተረፈለት ደስ ብሎት እየሮጠ ወረደ። ከዳርቻው ሲደርሱ ወርቂት፣ «ከላይ አይታየኝም፣ ትንሽ ዝቅ ያድርጉኝ» አለች። ዝቅ አደረጋት። «ትንሽ ደግሞ።» ዝቅ። «ኧረ ድንጋዩ ከታች ነው፣ ትንሽ ደግሞ!» የቅሉ አፍ ከባሕሩ ጋር እኩል ሲሆን፣ ጭራዋን አንዴ ወዝወዝ አድርጋ ጥልቅ!

«ወርቂት! ድንጋዩስ?»

«ይኸው ሞልቷል፣ ይምረጡ!»

«የኔ እመቤት፣ ተመለሽልኝ! አንበሳ ካባዬን ሊያነጥፈው ነው!»

ወርቂት ከማዕበሉ ብቅ አለች። «አያ ጉሬዛ፣ እርስዎ በጓሮዬ ባሕር አለኝ ብለው ዋሹኝ። እኔ ግን አልዋሽዎትም፤ ጓሮዬ ይኸው፣ ባሕሬም ይኸው። ሲያምርዎት መጥተው ይዩ፤ እንግዳ አልጠላም።» ብላው ጠፋች።

ጉሬዛ ባዶ ቅሉን ይዞ ሲመለስ፣ ጉሬዚት ጋኗን በግራዋ ቅጠል አጥባ ጠላዋን ጠንስሳለች። «ምነው ቆየህ?» አለችው። «አንበሳ ጓሮ ካለው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይጠብቅሃል።»

አንበሳን ከሩቅ ሲያየው፣ ቅሉን ጥሎ ሌላ ዛፍ ጫፍ ላይ ወጣ። ይኸው እስከዛሬ ቅጠሉን እዚያው ይበላል፣ እዚያው ያድራል፤ ካልቸገረው መሬት አይረግጥም። ለዚህ ነው የአገሬ ሰው እንዲህ የሚለው፦

ቤት ሳይሠሩ እንግዳ የጠሩ፣
ከነካባቸው ዛፍ ላይ አደሩ።