በጎች የጠሩት የውሻ ውድድር

ተረት ላውጋችሁ፤ ያመነኝ ይስማኝ፣ ያላመነኝም አያቋርጠኝ።

የበጎች በረት ጠባቂ ውሻ በእርጅና ሞተ። በጎቹም ሰዎች ውሾቻቸውን አሰልፈው እንደሚያወዳድሩ ሰምተው ነበርና፣ "እኛስ ከማን እናንሳለን?" ብለው አዲስ ጠባቂ ለመምረጥ ውድድር ጠሩ። ዳኛ ሲያፈላልጉ ጅብ መጣ።

"ውሻን እንደ እኔ የሚያውቅ የለም" አለ። "ዕድሜዬን ሙሉ ሳጠናው ኖሬአለሁ።"

በረቱ ደጃፍ ላይ ሁለት ውሾች ቀረቡ። አንደኛው ጸጉሩ የተበጠረ፣ አንገቱ ላይ ሪባን የታሰረለት ነበር። ጅቡ ዘሩን ሲጠይቀው እስከ ሰባት ቤት ሳይደናቀፍ ቆጠረ። በጎቹ በአድናቆት ተንጫጩ።

ሁለተኛው ኮሽታ የሚባል፣ ጆሮው የተቦጨቀ የመንደር ውሻ ነበር። ጅቡን ገና ሲያየው መጮህ ጀመረ።

"አባትህ ማን ነው?" አለው ጅቡ።

"አባቴን ተወውና አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?" ብሎ ኮሽታ ጥርሱን አሳየው።

አሮጊቷ በግ እማማ ለምለም በሀፍረት ተሸማቀቀች። "ውይ ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልን! አሳዳጊ የበደለው ነው፤ ዳኛ ላይ ይጮሃል!"

ኮሽታን በቀንድ እየወጉ አባረሩት። ባለ ሪባኑ አሸነፈ፤ ለጅቡም ጅራቱን ቆላለት።

"የሚጠብቀውን በረት ባየው ደስ ይለኛል" አለ ጅቡ።

"ምን ጥያቄ አለው!" አለች እማማ ለምለም። "እናንተ ግልገሎች፣ ግቡና ለእንግዳው ቦታ አሰናዱ!"

ሁሉም ተከታትለው ገቡ። አሸናፊው ውሻም መዝጊያውን በጨዋ ደንብ ከኋላቸው ዘጋ።

የቀረውን የሚነግረኝ በግ አጥቼ፣ ተረቴን እዚህ ላይ አቆምኩ።