ከበቅሎ የወደቀችው ሙሽራ

ይህችን ተረት ዛሬ ማንም እንደ ቆሎ ይቆረጥማታል። ሆዱን እያመመው ዝም ላለ ልጅ ትባላለች፤ ትዳሩ ተናግቶ ከወዳጆቹ ለሚሸሽግ ጎልማሳም ትባላለች። የሚላት ሁሉ ግን በየትኛው መንገድ እንደመጣች ጠይቆ አያውቅም። እኔ የሰማኋት ከእናቴ ወገን ነው፤ ሲያወሯትም አንድ ቀን ስቀው አያውቁም። አገሩ ወደ ጎጃም ነው ይላሉ። እንግዲህ ረጋ ብላችሁ ስሙኝ፤ መሐል ላይ "ታዲያ ለምን አልተናገረችም?" እያላችሁ አታቋርጡኝ። እሱን እኔም ስል ኖሬአለሁ።

ዳኘው የሚባል ደህና ገበሬ አይናዲስ የምትባል ልጅ አገባ። ሚዜው ታረቀኝ ነበር። ሚዜ ስላችሁ የዛሬውን፣ ከረባት አስሮ ፎቶ ተነሥቶ የሚሄደውን እንዳይመስላችሁ። የዚያን ጊዜ ሚዜ ለሙሽራይቱ ወንድም ሊሆናት ይምልላት ነበር። ባሏ ቢበድላት አቤት የምትለው ለእሱ ነው፤ ለእናቷ የማትነግረውንም የምትነግረው ለእሱ ነው። በመንገድም ሙሽራይቱ ፊቷን ተሸፍና መሄጃዋን ስለማታይ፣ ሚዜው ከኋላዋ በበቅሎዋ ላይ ተፈናጦ፣ ወገቧን ይዞ ያመጣታል። አደራ ተሰጥቶታላ።

የሠርጉ ለት፣ በጥር ወር፣ አጃቢው እየጨፈረ ቁልቁለቱን ሲወርድ ያልታሰበ ዝናብ ጣለ። ሰው ሁሉ ጋቢውን በራሱ ላይ ጥሎ ከታች ያለውን ወንዝ እየተሻገረ ከማዶ ወዳለው ዋርካ ሮጠ። ዳኘውም ፈረሱን ኮልኩሎ ከሽማግሌዎቹ ጋር ቀደመ። ሁለት ሰው የተሸከመችው በቅሎ ብቻ ኋላ ቀረች። ታረቀኝ የሙሽራይቱ ልብስ ራሰ፣ ደግሞም ከሰው ኋላ ቀረሁ ብሎ ተቻኮለ። "ቁልቁለቱ ላይ ልጓሟን ሳብ አድርግ" ተብሎ የተሰጠችውን በቅሎ በተረከዙ ጎሰም አደረጋት። በቅሎዋን ወንዙ አፋፍ ላይ አዳለጣትና በፊት ጉልበቶቿ ተንበረከከች። አይናዲስ ከነመሸፈኛዋ ተወርውራ በግራ ጎኗ ድንጋይ ላይ አረፈች።

ታረቀኝ ክው አለ። ወርዶ አነሣት።

"ተጎዳሽ? የት ጋ ነው?"

"እዚህ ብሽሽቴ ላይ ወጋኝ። ይተወኛል" አለችና መሸፈኛዋን ገለጥ አድርጋ ዙሪያዋን ቃኘች። "ማን አየኝ?"

"ማንም አላየሽም። ሁሉም ተሻግሯል።"

"እንግዲያው ወንድሜ ከሆንክ ይህን ነገር እዚሁ ወንዙ ዳር ቅበረው። ወድቃ የገባች ሙሽራ ቤት አታቆምም ይላሉ። ነገ ላም ብትሞት በእሷ ነው፣ በረዶ ቢወርድ በእሷ ነው እየተባልሁ እንዴት እኖራለሁ?"

ሙሽራ የጣለ ሚዜ እየተባሉ መኖርን ታረቀኝም አልወደደውም። "የአባቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ፣ ከአፌ አይወጣም" ብሎ ማለላት። ከልብሷ ላይ ጭቃውን አጠበላት። እርጥበቱን ዝናብ ነው ይሉታል ተባባሉና ደግፎ አስቀመጣት፤ ተሻገሩ። ዋርካው ሥር ሲደርሱ ዘፈኑ እንደገና ደመቀ፣ ማንም የጠየቃቸው አልነበረም።

ጫጉላ ላይ ያለች ሙሽራ ሥራ አትነካምና ለጊዜው ነገሩ አልታወቀም። ፋሲካ ካለፈ በኋላ ታረቀኝ እንደ ወጉ እህቱን ሊጠይቅ ሄደ። አይናዲስ እንስራ ተሸክማ ከምንጭ ስትመለስ መንገድ ላይ አገኛት። ግራ እግሯን እየጎተተች ነበር። እንስራውን ተቀብሎ አወረደላት፣ ጥላ ሥርም ተቀመጡ። ስትቀመጥ ጥርሷን መንከሷን አየ።

"እስካሁን አልተወሽም?" አላት።

"ብሶብኛል። ብድግ ስል ብሽሽቴን ይወጋኛል፤ ከዚያ በጭኔ ውስጥ ለውስጥ ወርዶ ጉልበቴ ላይ ይቆማል። ታረቄ፣ እግሬ የእኔ እግር አልመስል ብሎኛል።"

ከዚያ ሁሉን አጫወተችው። አማቷ ወይዘሮ ደብሬ ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ዓይናቸው ግን ምንም አያመልጠውም። "ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው የምታነክሺው?" ቢሏት "ምንም እሜቴ" አለች። "በምንም ያነከሰ ሰው አላየሁም" ብለው ቢይዟት፣ ጨንቋት በልብሷ ላይ ብሽሽቷን ጠቆመች። እሳቸውም ወዲያው ንፍፊት ነው አሉ። ባላገር ሁሉ እንደሚያውቀው እግር ሲቆስል ብሽሽት ላይ ንፍፊት ይወጣልና፣ ውስጥ እግሯን ወደ ብርሃን አዙረው እሾህ ፈለጉ። በጣቶቿ መሐል ሳይቀር ፈለጉ። እሾህም የለ፣ ቁስልም የለ። እብጠቱን ሊዳስሱ እጃቸውን ሲሰዱ አይናዲስ አፍራ ጭኖቿን ገጠመችና እጃቸውን ያዘች። ወይዘሮ ደብሬ እጃቸውን ሰበሰቡ፣ ፊታቸውም ተለወጠ።

"በማግሥቱ ጓሮ ለዳኘው ሲነግሩት ሰማሁ" አለችው። "'ቁስል የሌለው የብሽሽት ሕመም ከየት ይመጣል? ይህች ልጅ ከአባቷ ቤት ይዛው የመጣችው በሽታ አለ። ደብቀው ነው የዳሩልን። ከሆነ ደግሞ ሳትወልድ ትመለስ' አሉት። ከዚያ ወዲህ የጠየቀኝን ሁሉ ጉልበቴን ነው እላለሁ። ጉልበት ነውር የለውም።"

"ዳኘው ምን አለ?"

"ወጌሻ ላምጣላት ብቻ አለ።"

"እንግዲያው ለወጌሻው እንናገር። ለእሱ ብቻ።"

"ወጌሻው ለእሜቴ ይነግራል። በበሽታ ተጠርጥሬ፣ በዚያ ላይ ገደ ቢስ ስባል በዚህ ቤት ምን ያኖረኛል? ምለህልኛል እኮ ታረቄ። ወንድሜ አይደለህም እንዴ?"

ታረቀኝ እንስራውን አሸከማትና ከኋላዋ ተከተለ። ለእሷ ብዬ ነው ዝም የምለው አለ በልቡ። ግማሹ ግን ለራሱ ነበር። እስኪ የማን ልብ ነው እንዲህ የማያደርገው።

ወጌሻው አባ ዘለቀ የተከበሩ ሰው ነበሩ። እጃቸው የዳሰሰው ስብራት ይጠገናል ይባልላቸው ነበር። በመጡ ዕለት ቤት ውስጥ የነበሩት ወይዘሮ ደብሬ፣ ዳኘውና፣ የአይናዲስን ትከሻ እንዲይዝ የተጠራው ታረቀኝ ናቸው። ሽማግሌው ቁርበቱ ላይ አጋደሟትና አጠገቧ ተንበረከኩ።

"የት ጋ ነው ልጄ?"

"ጉልበቴን ነው አባ።"

አባ ዘለቀ ጉልበቷን በሁለት መዳፋቸው ይዘው ዳሰሱ። "ጉልበትሽ አላበጠም፣ አይሞቅም። ወደ ላይስ? ታፋሽን፣ ብሽሽትሽን አያምሽም?"

አይናዲስ አማቷን አየች። "አያመኝም።"

"ወድቀሽ ታውቂያለሽ?"

"አልወደቅሁም።"

መልሱ ለሽማግሌው አልተዋጠላቸውም። ቀና ብለው ታረቀኝን አዩት። "አንተ ሚዜዋ ነህ። የሙሽራ ነገር ከሚዜ አይደበቅም። ወድቃ ታውቃለች?"

ታረቀኝ ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። ወድቃለች፣ እኔ ነኝ የጣልኋት ማለት ብቻ ነው የቀረው። ቁልቁል ሲያይ ግን ዓይኖቿ እሱ ላይ ናቸው፣ ይለምኑታል። የወንዙ ዳር መሐላም ትዝ አለው።

"እኔ አላውቅም" አለ።

"እንግዲህ መውደቅ ከሌለበት ጅማት ተኮማትሮ ነው፣ መፍታታት አለበት" አሉ አባ ዘለቀ። ቅቤ አስቀረቡና አሹዋት። ደህና አድርገው ካሹ በኋላ ጉልበቷን አጥፈው ወደ ደረቷ ገፉና ወደ ጎን አዞሩት። ያኔ ከላይ፣ ከታፋዋ ውስጥ፣ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማ። አይናዲስ አንድ ጊዜ ጮኸችና ራሷን ሳተች። እግሯን ሲያስተኙት ወደ ውጭ ዞሮ፣ ከሌላው አጥሮ ቀረ።

ሽማግሌው ቅቤ የነካ እጃቸውን ዘርግተው እንደያዙ ቀሩ። "ይህ ጉልበት አይደለም" አሉ ቀስ ብለው። "ይህ ቀድሞውኑ የተሰነጠቀ ነው። ይህች ልጅ ወድቃለች።"

ታረቀኝ የተናገረው ያን ጊዜ ነው። በቅሎዋን እንደጎሰማት፣ ወንዙን፣ ድንጋዩን፣ መሐላውን፣ ሁሉንም እያለቀሰ ተናገረ።

ወይዘሮ ደብሬ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። "ወድቃ ነው?" አሉ። "በቃ መውደቅ ነው? እኔ እኮ የማይነገር በሽታ መስሎኝ ነው የፈራሁት። ለወደቀ ልጅማ ምን ጥላቻ አለኝ። እኔ ነኝ አፏን የዘጋሁት።"

ዳኘው የሚስቱን ራስ ጭኑ ላይ አስደግፎ ነበር። "የበቅሎዋን ጉልበት ጭቃ አይቼው ነበር" አለ። "ብጠይቃት ታፍራለች ብዬ ተውኩት።"

"በጥር ብትነግሩኝ ስንጥቅ ነበር" አሉ አባ ዘለቀ። "ሁለቱን እግሯን አንድ ላይ አስሬ፣ መሬት ሳትረግጥ ባቆያት ይገጥም ይሆናል። አሁን ግን ሰበርሁት። በዚህ እጄ ሰበርሁት።" ከዚያም ሸምበቆ አስቆረጡ።

አይናዲስ ክረምቱን ሙሉ ታስራ ተኛች። ወይዘሮ ደብሬ ራሳቸው አጠቧት፣ ራሳቸው አጎረሷት፤ ትመለስ የሚለውን ቃል ዳግም አልተናገሩትም። ዳኘውም የሚፈታት አልሆነም። ገደ ቢስ ያላትም ሰው አልነበረም፤ ጎረቤቱ ሁሉ እያዘነላት ነው የዋለው። እንዲያ የፈራችው ነገር አንዱም አልደረሰባትም። ይኸ ነው እኔን የሚያቃጥለኝ፣ ሳወራው ሁሉ አንጀቴን ይበላኛል።

መስከረም ሲጠባ እስራቱ የሚፈታበት ቀን ሆነ። አባ ዘለቀ ሸምበቆውን ፈቱና ዳኘው በአንድ በኩል፣ ታረቀኝ በሌላ በኩል ይዘው ወደ ደጅ አወጧት። አደይ አበባው ፈንድቶ ነበር። ታረቀኝ ክረምቱን ሙሉ ሲሳል የኖረው ለዚህች ቀን ነው፤ ብትራመድልኝ እያለ። አይናዲስ ቀኝ እግሯን አስቀደመች። ግራው ግን መሬት አልደረሰም። በጣቷ ጫፍ ብቻ ነካችው፣ ተደገፈችበት፣ ከዳትና ታረቀኝ ላይ ወደቀች። ያን ጊዜ ያልያዛትን አሁን ጥብቅ አድርጎ ያዛት።

"አታልቅስ ታረቄ" አለችው። "ያስማልሁህ እኔ ነኝ።"

ይህ ቃል ከዱላ ይልቅ አመመው። አስቀምጧት ሲያበቃ ወደ ሽማግሌው ዞረ፣ እግራቸው ሥርም ተንበረከከ።

"አባ፣ አገሩ ሁሉ የሚድነው በእርስዎ እጅ ነው። እንዲህ ሆና ትቅር? የሚታሰር ቅጠል፣ የሚጠጣ ሥር፣ አንድ መድኃኒት እንኳ የለውም?"

አባ ዘለቀ የፈቱትን ሸምበቆ ሰብስበው ታቅፈው ነበር። ደጁ ላይ የቆመው ሰው ሁሉ አፋቸውን ያይ ነበር። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ነበረው ልጄ። ይዤው መጥቼ ሁለታችሁንም ጠይቄአችሁ ነበር፤ ምን ላድርግ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።"