የሶላሩ ማስረጃ

ይህን ታሪክ መጀመሪያ የነገሩኝ የትምህርት ቤታችን ጥበቃ የነበሩት ጋሼ ወልደሰንበት ናቸው። በጣሪያው ላይ ሶላር ላስተከለ ሰው መንግሥት የወጪውን ሩብ፣ ይቅርታ፣ ግማሹን ይመልስ ነበር። ሶላር ያስተከለች አንዲት ልብስ ሰፊ በምዝገባው የመጨረሻ ቀን ወደ መዝጋቢው ጽሕፈት ቤት ሄደች፤ ያን ቀን ካልተመዘገበች ገንዘቡ ይቀርባታል።

ኃላፊው ከጠፋው ኮምፒውተር ፊት ተኮፍሰው፣ “መብራት ስለሌለ መመዝገብ አይቻልም። ደግሞስ ሶላርሽ ለመሥራቱ ምን ማስረጃ አለሽ?” አሏት።

“ጌታዬ፣ ኮምፒውተሩን ይዘው ቤቴ ይምጡና ይሰኩት” አለቻቸው። “ከበራልዎ ማስረጃውም ምዝገባውም በአንድ ጊዜ ያልቃል፤ ካልበራልዎ ማመልከቻዬን ይቅደዱት።”

ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩ በጋሪ ተጭኖ ወደ ቤቷ ሄደ።

ይህን የጻፍሁት ሰኞ፣ አይደለም፣ ማክሰኞ ግንቦት ሦስት ቀን ነው፤ መብራት ስላልነበረ መስኮት ሥር ተቀምጬ ጻፍሁት።