ሁለቱ ጉም መሳይ መኪኖች

በአንድ ወቅት፣ ጉሙ ከሰው ቀድሞ በሚነሣባት በደሴ ከተማ፣ እማ ሰዓዳ የሚባሉ ዓይናቸው የደከመ እናት ከሦስት ልጆቻቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ተወልደው ያደጉት ሐይቅ ከተማ፣ ውኃው ዳር ነው። «ዓይኔ ጨርሶ ሳይከደን ውኃዬን አንዴ ልየው» እያሉ ዓመታት አለፉ። አውቶቡስ እንዳይሳፈሩ ጉልበታቸው እምቢ አለ። በመጨረሻ ልጆቻቸው ያላቸውን አዋጥተው መኪና ሊገዙ ተስማሙ።

ለሽያጭ የተገኙት መኪኖች ግን ሁለት ነበሩ፤ አንዷ የነርስ፣ አንዷ የመሐንዲስ። ሁለቱም አጠር ብለው ከመሬት ከፍ ያሉ፣ ኤስዩቪ የሚሏቸው ዓይነት ናቸው። የተሠሩበት ዓመት አንድ፣ ዋጋቸው እኩል፤ ቀለማቸው እንኳ ሳይለይ የጠዋት ጉም ይመስላል። ጎን ለጎን ሲቆሙ አንዷ የሌላዋ ሕልም ትመስል ነበር።

በእማ ሰዓዳ ቤት በቅሎም ሆነ ላም ሲገዛ፣ ከብቱ መጀመሪያ ግቢ አድሮ ገዱ ይታያል። «መኪናም ቢሆን ሳያድር አልገዛም» አሉ። ባለቤቶቹ ጎረቤት ናቸውና እየሳቁ ቁልፋቸውን ሰጡ። ሲነጋ የቤቱ ዶሮ ከነርሷ መኪና ኮፈን ላይ ጉብ ብላ ተገኘች።

«በቃ፣ ዶሮዋ መርጣለች» አለ ታናሹ ልጅ ይማም።

«ዶሮ ደግሞ መንጃ ፈቃድ አወጣች?» አለ ታላቁ እንድሪስ።

ሁሉም ሳቁ። መካከለኛዋ መዲና ብቻ ፊቷ ቀልቶ ወደ ጓዳ ገባች።

እንድሪስ ዕድሜውን በከባድ መኪና መሪ ላይ የጨረሰ ሰው ነው፤ ጆሮው የሞተር ሕመም ይሰማል። ሁለቱንም አስነሥቶ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠና «የመሐንዲሱ ትሻላለች፣ ትንፋሿ ረጋ ያለ ነው» አለ።

ይማም የሚያስተውለው ሰውን ነው፤ ፊት አይቶ ልብ ያነባል። ለእሱ የመኪና ነገር የሚታወቀው በተሳፋሪው ነው። እናቱን በሁለቱም አስገብቶ አስወጣቸው፤ ከነርሷ መኪና ሲወርዱ ፊታቸው አልተኮማተረም። «የነርሷ ትሻላለች፣ እማየን ጉልበቷን አላመማትም» አለ።

መዲና የፊዚክስ መምህርት ናት። ምን ትያለሽ ሲሏት «ሁለቱም ያው ናቸው» ብላ አንገቷን ደፋች። ያው እንዳልሆኑ ታውቅ ነበር። እንዴት አወቅሽ ቢሏት ግን የደበቀችው ይወጣባት ነበር።

ልጅ ሳለች፣ አንድ የዒድ ቀን፣ ቤቱ በእንግዳ ሞልቶ ሳለ «ሳድግ ሾፌር እሆናለሁ» ብላ ነበር። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ማንም ክፉ አላሰበም፤ እሷ ግን ያን ሳቅ እስካሁን ይዛው ትዞራለች። መምህርት ከሆነች በኋላ በአንዱ ክረምት «ሥልጠና አለብኝ» ብላ ኮምቦልቻ ወረደች፤ መንዳት ተማረች፤ መንጃ ፈቃድ አወጣች። ከዚያ ወዲህ ክረምት በመጣ ቁጥር ሥልጠና አያጣትም። መኪና ተከራይታ በሜዳው መንገድ ላይ ብቻዋን ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። ስንት ጊዜ ማዕድ ላይ ልትናገር አፏን ከፍታ ከጉርሻው ጋር ዋጠችው። ስትተኛም ትነዳለች። በሕልሟ መንገዱ ከደመና የተሠራ ነው፤ ከፊቷ አንድ ነጭ ነገር እየተንሳፈፈ ይመራታል፤ መጨረሻው ግን ደርሶ አያውቅም።

«እንግዲያው በሁለቱም ውሰዱኝ» አሉ እማ ሰዓዳ። «የኛዋ የትኛዋ እንደሆነች በሥራ ያሳየኝ ልጅ ቁልፉን ይይዛል። ቁልፉን የያዘ እኔንም ይይዛል፤ በየሳምንቱ ውኃዬ ዳር ያደርሰኛል።»

መዲና ይህን ስትሰማ ልቧ ዘለለ። በዕድሜዋ እንደዚያ ቁልፍ የተመኘችው ነገር አልነበረም።

እንድሪስ እናቱን ይዞ በመሐንዲሱ መኪና ቀደመ። ይማምና መዲና በነርሷ ተከተሉ። ቁልቁለቱ ላይ ይማም ፍሬኑን ረግጦ አይለቅም። ከፊት ጎማው የተቃጠለ ነገር ሸተተ፤ ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅም መጣ። የመዲና ቀኝ እግር ሳታዘው ወለሉን ይረግጥ ነበር። «ማርሽ ቀንስ» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ደረሰ። ይማም ዘወር ብሎ «ፈራሽ እንዴ፣ እታለም?» አላት። «ኧረ አልፈራሁም» ብላ ቃሉን መልሳ ዋጠችው።

ውኃው ዳር ሲደርሱ እማ ሰዓዳ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን ወደ ነፋሱ አዞሩ። ከዚያ «ነጭ ነገር ይታየኛል። ውኃው ነው ወይስ ዓይኔ?» ብለው ጠየቁ።

«ውኃው ነው፣ እማየ» አለች መዲና። እናቷን ሳታመጣባቸው ያለፉት ክረምቶቿ ሁሉ፣ ያ ባዶ የኮምቦልቻ መንገድ ሁሉ፣ በዚያች ሰዓት ትከሻዋ ላይ ተቀመጠ።

እንድሪስ የነርሷ መኪና ስትመጣ ገና ከሩቅ ሰምቷት ነበር። «የግራ የፊት ፍሬንህ አልቋል» አለው ይማምን። «በዚህ ማንም አይመለስም።» መኪናዋ እሱ የናቃት ብትሆንም፣ ከከተማው የፍሬን ሸራ ገዝቶ መጥቶ በክሪክ አነሣትና ሥሯ ተኛ። ሸራውን አስሮ ሲጨርስ ክሪኩ ተንሸራተተ፤ ቀኝ እጁን ያዘው። ጣቶቹ አብጠው መሪ የማይጨብጡ ሆኑ።

«ወሏሂ፣ ደኅና ነኝ» አለ። ግንባሩ ላይ ግን ላብ ነበር።

አሁን ሾፌሩ አንድ ሆነ፤ አንዷ መኪና መቅረት አለባት። «በነርሷ እንሂድ» አለ እንድሪስ ራሱ። «ያሰርሁትን አውቀዋለሁ።» የመሐንዲሱን መኪና ዘመድ ግቢ አቆሙ። ይማም ደግሞ «እማየ የሐይቅ ዓሣ ሳትቀምስማ አንሄድም» ብሎ ድርቅ አለ። ዓሣው ተጠብሶ፣ ተበልቶ፣ እማ ሰዓዳ በልጅነት ጨዋታቸው ስቀው ሳይጠግቡ ቀኑ ዘቀዘቀ።

አቀበቱ ወገብ ላይ ጉሙ ወረደ። መጀመሪያ ዛፎቹን በላ፣ ቀጥሎ የመንገዱን ጠርዝ፣ በመጨረሻም የራሳቸውን ኮፈን። ይማም ቆመ። በስተቀኝ ገደል እንዳለ ሁሉም ያውቃል፤ ከየት እንደሚጀምር ግን ማንም አያይም። እማ ሰዓዳን ብርዱ ደረታቸውን ያዛቸው፤ ሲተነፍሱ ይጮኽ ጀመር። የሚስቡት የአስም መድኃኒት እቤት ቀርቷል።

«እዚህ ማደር የለም» አለ ይማም። የእናቱን ነጭ ሻርፕ ወሰደ። «እኔ ፊት ፊት እየሄድሁ መንገዱን አሳያለሁ። ግን ማን ይነዳል?»

«እኔ በአንድ እጄ…» አለ እንድሪስ።

«ማርሹን በምንህ ልትለውጥ? በጥርስህ?» አለው ይማም።

የኋላው በር ተከፈተ። መዲና በጉሙ ውስጥ ዞራ መጣችና ይማም በለቀቀው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«መዲና፣ ምን እያደረግሽ ነው?» አለ እንድሪስ።

«ወንበሩን እያስጠጋሁ።»

ይማም በመስኮቱ አጎንብሶ ፊቷን አየ። ፊት የማንበብ ችሎታውን በዚያች ቅጽበት ሁሉንም አወጣው መሰል፣ ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ጀርባውን ለመኪናዋ አፍንጫ ሰጠ፤ ሻርፑን ከፍ አድርጎ መራመድ ጀመረ።

ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላ ለቀቀች፤ የእጅ ፍሬኑን አወረደች። መኪናዋ በአቀበቱ ላይ ስንዝር ወደኋላ ሳትል ተነሣች። የሁሉንም ሰው ማርሽ የሚያርመው እንድሪስ ጆሮውን ቀስሮ አዳመጠ፤ የሚያርመው አጣ። ነጩ ሻርፕ ከፊቷ ይንሳፈፋል። መንገዱ ከደመና የተሠራ ነው። መዲና ነቅታ ይሁን ተኝታ መለየት አቃታት፤ ይህን መንገድ ግን ታውቀዋለች፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች።

«ማን አስተማረሽ?» አለ እንድሪስ በዝግታ።

«ኮምቦልቻ ነው የተማርሁት። ክረምት ክረምት። ሥልጠና የምላችሁ እሱ ነበር።» ዓይኗን ከሻርፑ ሳትነቅል መሪውን አጠፈች። «አፍሬ ነው፣ አያ እንድሪስ።»

«ክረምት ክረምት? ስንት ክረምት እኮ ነው!»

ከኋላ እማ ሰዓዳ በተቆራረጠ ትንፋሽ «አብሽሪ፣ አይዞሽ ልጅየ» አሉ። «የቀኝ ጫማሽ ተረከዝ እንደ ሾፌር ጫማ ለብቻው ሲያልቅ እጄ ያይ ነበር። ራስሽ እስክትነግሪኝ ጠበቅሁ።»

ደሴ ደረሱ። እማ ሰዓዳ መድኃኒታቸውን ስበው ደረታቸው ተከፈተ። ጠዋት ልጆቹ ከበው ሲቀመጡ የነርሷ መኪና ቁልፍ እጃቸው ውስጥ ነበር።

እንድሪስ «የናቅኋትን መኪና በእጄ አዳንኋት» አለ። «ያ ሸራ ባይታሰር አቀበትም ቁልቁለትም አይኖርም ነበር። ለሙያዬ ስል እጄን ከፈልሁ።» እውነቱን ነው። ግን ሲመርጥ ያቺን አልመረጠም።

ይማም «ከመጀመሪያው እሷን ያልሁ እኔ ነኝ» አለ። «በጉም ውስጥ ነድታ ለማታውቅ እኅቴ ጀርባዬን ሰጥቼ በገደል አፍ ሄድሁ።» እውነቱን ነው። ግን እስኪመሽ ያቆያቸው ዓሣው የእሱ ነበር።

መዲና ለራሷ አልተከራከረችም። «መንዳቱን የነዳሁት እኔ ነኝ» አለች ብቻ። «ቁልፉንም እፈልገዋለሁ፤ ይህን መናገር ከመንዳቱ ይከብደኛል።» እውነቷን ነው። ግን ቀደም ብላ ተናግራ ቢሆን ኖሮ በምትከራያት መኪና እናቷ ውኃውን ዓይናቸው ደኅና ሳለ ባዩት ነበር። ያንንም ማንም ሳይላት ራሷ ተናገረችው።

እማ ሰዓዳ ቁልፉን ከእጅ እጅ እያዛወሩ እስካሁን እንደተቀመጡ ናቸው። በራፉ ላይ ጉሙ እየተነሣ ነው፤ ዶሮዋም ወደ ኮፈኑ ወጥታለች። እናንተ የሰማችሁ፣ እናንተ ብትሆኑ ቁልፉን ለማን ትሰጡት ነበር?