ወፍጮውን ማን ያስነሳው?

«ኢንጂነር፣ ይሄ ወፍጮ ይነዝራል» አለ የወፍጮ ቤቱ ሠራተኛ፣ እጁን እያራገፈ።

ፕላኑን የሠሩት ኢንጂነር ዘርይሁን ኮራ ብለው ወደ ሥራ ተቋራጩ ወደ አቶ ባልካቸው ዞሩ። «ንዝረቱን ወደ መሬት የሚያወርደው የመሬት ሽቦ የታለ?»

«ፕላንዎ ላይ የለም። እኔ ያልተሣለ አልዘረጋም» አሉ አቶ ባልካቸው።

«ከግርጌው ‹ሁሉም በሕጉ መሠረት ይሠራ› ብዬ ጽፌአለሁ። ሕጉን ማወቅ የእርስዎ ፋንታ ነው።»

«ሕጉን አውቆ መሣል ደግሞ የእርስዎ።»

ለምረቃው የተጠሩት እንግዶች በር ላይ መንጫጫት ሲጀምሩ ኢንጂነሩ ቸኮሉ። ጭቅጭቁን ትተው ሠራተኛው ላይ አፈጠጡ።

«ጥፋቱ የማን እንደሆነ በኋላ እንነጋገርበታለን። አንተ አሁን ማብሪያውን ተጫን። እምቢ ካልክ ነገ እዚህ እንዳላይህ።»

ሰውየው ማብሪያውን አየ፤ ሁለቱንም ተራ በተራ አየና ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

«ጌታዬ፣ በአባቶቻችን ጊዜ ከሳሽና ተከሳሽ በኩታቸው ተቆራኝተው ነበር ዳኛ ፊት የሚቀርቡት። እርስዎም ከአቶ ባልካቸው ጋር እጅ ለእጅ ይያያዙና ወፍጮውን ያስነሡት። ኤሌክትሪክ እንደሆነ ዘመድ የማያውቅ ዳኛ ነው፤ ቀጠሮም አይሰጥ።»