ቀኛዝማች መርሻ ወደ ዓባይ የወረዱበት ቀን

ሰው የሠራውን ትንሽ ደግ ነገር ማናናቅ ስንፈልግ የምንመዛት አንዲት ተረት አለች። አንዱ ፊደል ያስቆጠረውን መምህር ቢያመሰግን፣ ሌላዋ የልጇን ወለምታ ያሸላትን ወጌሻ ብታደንቅ፣ አዋቂ ነኝ ባይ ከጥግ ብድግ ይልና ያችን ተረት ጣል ያደርጋል። «ትልቅ ነገር ስላላየህ ነው» ማለቱ ነው። ተናጋሪውም ሰሚውም የተረቷን መነሻ አያውቁም። መጀመሪያ በማን ላይ እንደተነገረች ቢሰሙ ኖሮ ብዙዎቹ አፋቸውን ይይዙ ነበር።

በጎጃም በኩል፣ ከዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ባለች አንዲት መንደር፣ አንጓች የምትባል ባልቴት ነበረች። ጎጆዋ ያለችው መንገደኛ በረሃውን ተሻግሮ፣ ቀኑን ሙሉ ዳገት ቧጦ ሲወጣ መጀመሪያ ከሚያገኘው ዋርካ አጠገብ ነው። ከዋርካው ሥር ደግሞ ወገቡ ድረስ መሬት የተቀበረ አንድ ትልቅ ጋን አለ። ጋኑ ውሃ አጥቶ አያውቅም። ውሃው የሚመጣው ከመንደሩ ጀርባ ካለች ምንጭ ነው፤ እሷም ምንጭ የተባለችው በይሉኝታ ነው። አንድ እንስራ እስኪሞላ ድረስ አንጓች አጠገቧ ቁጭ ብላ አንድ ልቃቂት ፈትላ ትጨርሳለች። እንዲህ እያደረገች በቀን አራት ጊዜ ትመላለሳለች።

ለምን ይህን እንደምታደርግ የጠየቋት ብዙ ናቸው። ስለት ነው? ንስሐ ነው? ሕልም አይታ ነው? የእሷ መልስ አንድ ነው።

«ሰው ይጠማል እኮ።»

ጠያቂው ከዚህ የጠለቀ ነገር ጠብቆ ስለነበር ቅር እያለው ይሄዳል። ውሃውን ግን ጠጥቶ ነው የሚሄደው።

በዚያ ዘመን ለአገሩ አዲስ ሹም መጣ፤ ቀኛዝማች መርሻ ይባላሉ። ቀኛዝማች የደጋ ሰው ስለነበሩ ዓባይን በስም እንጂ በዐይን አያውቁትም። በተሾሙ በሳምንታቸው አሽከራቸውን ደባልቄን አስከትለው ወደዚያች መንደር መጡና ከአፋፉ ቆመው ቁልቁል ተመለከቱ። ዓባይ ከሩቅ፣ ከገደሉ ሥር፣ እንደተጣለ መቀነት ተጠማዞ ይታያል። ቀኛዝማች ልባቸው ጠፋ። ትልቅ ሰው ትልቅ ነገር ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው የት ላይ ተቀምጦ እንደሚያየው ነው፤ እሳቸውም ወዲያው አሰቡ።

«እዚህ ላይ ሰገነት ይሠራልኛል» አሉ በዘንጋቸው መሬቱን እየወጉ። «እንግዶቼን ይዤ ዓባይን እያየሁ ጠጅ እጠጣለሁ።»

የመንደሩ ጭቃ ሹም አያ ጓንጉል የተባለ ሽማግሌ ነበር። ጎንበስ ብሎ፣ «ይሁን ጌታዬ፤ ነገር ግን ቦታው የአንጓች ጎጆ ነው። ጋኑም እዚሁ ነው ያለው» አለ።

«ጎጆው ይፈርሳል። ጋኑም ይነሳል።»

«መንገደኛው ከበረሃ ሲወጣ የሚጠጣው ከዚህ ነበር…»

«ጓንጉል፣ ከዚህ ቁልቁል ምን ይታይሃል?»

«ዓባይ ነዋ ጌታዬ።»

«ከዓባይ የሚበልጥ ውሃ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ የዓባይ ጎረቤት ሆናችሁ በአንዲት ባልቴት እንስራ ስትተማመኑ አታፍሩም?»

አያ ጓንጉል እንደማያፍር መናገር አፈረ። አንጓች እንስራዋን እንዳዘለች ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። እስከ ሐሙስ ቦታውን እንድትለቅ ሲነገራት ስለ ጎጆዋ አንድም ቃል አልተናገረችም።

«ጋኑ የተቀበረ ነው ጌታዬ። ከተነሳ ይሰበራል» አለች ብቻ።

«ይሰበራ» አሉ ቀኛዝማች፤ ለሌላ ሰው ዕቃ ሲሆን ልባቸው ሰፊ ነበር።

አንጓች በጣም ከፋት። ያን ዕለት ግን አራቱንም እንስራ ቀዳች፤ ሐሙስ ገና ሦስት ቀን ቀርቶታልና።

በማግስቱ መንደሩ ለአዲሱ ሹም በግ አረደ። ቀኛዝማችም ሚጥሚጣ የበዛበትን ዱለት ላባቸው ጠብ እስኪል ድረስ በሉና፣ ከረፈደ በኋላ ብድግ አሉ። ዓባይን በእጃቸው ሳይነኩ ሰገነቱን እንደማያስጀምሩ፣ ወርደው ነክተውት ለምሳ እንደሚመለሱ ተናገሩ። የአገሬው ሰው በዶሮ ጩኸት ተነስቶ፣ ውሃ ይዞ፣ ሲወርድ ግማሽ ቀን፣ ሲወጣ ሙሉ ቀን የሚፈጅበት መንገድ ነው። ማንም አልሳቀም፤ ሹም ሲናገር የሚሳቀው ሹሙ ከሳቀ በኋላ ነው።

አንጓች ግን በሁለት ቅል ውሃ ሞልታ መጣች። ትናንት ጎጆሽ ይፍረስ ያሏት ሰው ናቸው፤ ቢሆንም እሷ የምታውቀው ሰው እንደሚጠማ ነው።

«ይያዙት ጌታዬ፤ በረሃው ክፉ ነው።»

ቀኛዝማች ከልባቸው ሳቁ። «ወደ ዓባይ የሚወርድ ሰው ውሃ ተሸክሞ? ጠጅ ቤት ስሄድም እንግዲህ ጠጄን ከቤቴ ይዤ ልሂድ?»

አሁን ሁሉም ሳቀ። ደባልቄ ሁለቱን ቅሎች እያየ ምራቁን ዋጠ። አያ ጓንጉል በበኩሉ ከኋላቸው ተጣርቶ፣ «አቋራጩን እንዳይዙ፤ ክረምት ላይ ናዳ በልቶታል» አለ። ቀኛዝማች አቋራጩን ያዙ። ናዳ የሚያስቸግረው ተራ መንገደኛን እንጂ ሹምን እንዳልሆነ ያምኑ ነበር።

ቀኛዝማች የተቀመጡባት በቅሎ ከአቋራጩ አፍ ላይ ስትደርስ አራት እግሯን ተክላ አልወርድም አለች። ከሦስቱ መካከል ማስተዋል የነበራት እሷ ብቻ ነበረች፤ ሹመት ስላልነበራት ግን የሚሰማት አጣች። እሷን ከግራር አስረው በእግራቸው ቀጠሉ። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ መንገዱ ድንገት አለቀ። ከፊታቸው ናዳው የጎረደው ገደል ነው፤ ከገደሉ ሥር ዓባይ ነው። ድምፁ ሳይቀር ይሰማል። ወርደው ሊነኩት ግን ክንፍ ያስፈልጋል።

ቀኛዝማች ሽቅብ ለመመለስ ሞከሩ። መቶ እርምጃ ያህል እንደሄዱ እግራቸው ቄጠማ ሆነና ቅጠል በሌላት አንዲት ቁጥቋጦ ሥር ተቀመጡ። ዱለቱ ሆዳቸው ውስጥ እሳት ሆኖ ይነድዳል። ምላሳቸው ከትናጋቸው ተጣበቀ። መጀመሪያ ደባልቄን ሰደቡ፤ ቀጥሎ አያ ጓንጉልን ሰደቡ፤ ከዚያ መሳደቢያ ምራቅ አለቀባቸው። ዐይናቸውን ሲገልጡ ዓባይ አለ። ሲጨፍኑትም ይሰሙታል።

«ዓባይ ይታያል ጌታዬ» አለ ደባልቄ፣ የሚለው ቢያጣ።

«አያለሁ» አሉ ቀኛዝማች በሹክሹክታ።

ከዚያ በኋላ ፈሩ። የምር ፈሩ። ይህን የሚያህል ወንዝ እያዩ በውሃ ጥም ሊሞቱ እንደሆነ ገባቸው፤ ሞቱ ብቻ ሳይሆን ለቅሶ ላይ የሚወራውም ታያቸው። ማን ይደርስልኛል ብለው በልባቸው የሚያውቋቸውን ትልልቅ ሰዎች አንድ በአንድ ቆጠሩ። ደጃዝማቹ ሩቅ ናቸው። ፊታውራሪው ቅርብ ቢሆኑም ደጅ ሳይጠኗቸው አይነሱም። በዚያ ሰዓት የሚጠቅም አንድ ሰው እንኳ ከሚያውቋቸው መካከል አጡ።

አንጓች ደግሞ ከላይ፣ ከአፋፉ ላይ፣ ዕለት ዕለት እንደምታደርገው መንገዱን ታይ ነበር። ዋናውን መንገድ ይዞ የወረደ ሰው ቀትር ላይ አንድ ራቁት ጉብታ ላይ ብቅ ማለት አለበት። ሁለት ሰው ወርዷል፤ ማንም ብቅ አላለም። በቅሎዋም ታስራ ትታያለች። አንጓች አያ ጓንጉልን ገመድ አስይዛ፣ ቀኛዝማች የሳቁባቸውን ሁለት ቅሎች አንግታ ወረደች።

ስትደርስ ቀኛዝማች ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። እሷ ግን አልፋቸው ወደ ደባልቄ ሄደች።

«እኔ… ሹሙ…» አሉ።

«አውቄያለሁ ጌታዬ። እሱ ቆሞ መደገፍ አለበት፤ እርስዎን የሚሸከመው እሱ ነው።»

ቀኛዝማች መርሻ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተራ ጠበቁ። ተራቸው ሲደርስም ቅሉን አልሰጠቻቸውም። የነጠላዋን ጫፍ እያራሰች ከንፈራቸውን አበሰች፤ ከዚያ በመዳፏ፣ ከዚያ በጉንጭ ልክ አጠጣቻቸው። ሊነጥቋት ሲሞክሩ እጃቸውን መታ አድርጋ «ቀስ» አለቻቸው፤ እሳቸውም ቀስ አሉ።

ፀሐይዋ ሳትጠልቅ፣ ደባልቄና አያ ጓንጉል ደግፈው፣ በከፊልም ጎትተው፣ አፋፉ ላይ አወጧቸው። መንደርተኛው ወሬ ሰምቶ ዋርካው ሥር ተሰብስቧል። ቀኛዝማች ጋኑን በሁለት እጃቸው አቅፈው ተቀመጡና በዋንጫ እየቀዱ ጠጡ፤ አምስት ይሆናል፣ ስድስትም ይሆናል። ከዚያ አፋቸውን ጠርገው፣ ሹመታቸውን ያስታወሱ ይመስል ጉሮሯቸውን ጠራርገው ተናገሩ።

«እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እንዲህ ያለ ውሃ ጠጥቼ አላውቅም። ጠጁም፣ ጠላውም ይቅርብኝ። የዚች ምንጭ ውሃ የሕይወት ውሃ ነው። ምንጯም የተባረከች፣ ቀጂዋም የተባረከች። ጎጆዋ እንዳይነካ፤ ጋኑም ካለበት እንዳይነቃነቅ። የሰገነቱን ነገር ተዉት።»

አንጓች እጅ ነሳች። ቀና ስትል የጋኑን ሆድ አየች፤ ቀኛዝማች ብዙ አጉድለውታል። ነገ የገበያ ቀን ስለሆነ መንገደኛ ይበዛል። እንስራዋን አዝላ፣ እንዝርቷን ይዛ ወደ ምንጯ ሄደች። ቀኛዝማች ግን ምስጋናቸው አላለቀም፤ የውሃውን ቅዝቃዜ፣ የውሃውን ጣዕም፣ የውሃውን ጥራት ገና እየዘረዘሩ ነው። ሰዉ እንዳይስቅ መሬት መሬት ያያል።

አያ ጓንጉል ጎንበስ ብሎ፣ «ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ?» አለ።

«ጠይቅ።»

«ለመሆኑ ዓባይን አይተውታል?»

«ከረፋድ ጀምሮ ሌላ ምን አየሁ? እሱን ሳይ አይደለም እንዴ የዋልኩት?»

አያ ጓንጉል የተቆጣ ዳኛ ፊት ይዞ ወደ መንደርተኛው ዞረና፣ «እንግዲህ አትፍረዱባቸው፤ ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» አለ።