ገል አንቀበልም ያለው ቤት

«ተረት ተረት!»

«የሸክላ ሠሪ ቤት!»

ኧረ ድምፃችሁ የት ገባ? ራት የበላ ሰው እንዲህ ይመልሳል? እንደገና፣ ጣሪያው ይነሣ!

«ተረት ተረት!»

«የሸክላ ሠሪ ቤት!»

እሰይ! እንዲህ ነው እንጂ! በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ። የሚሥቅ ካለ አሁኑኑ ይሣቅ፣ ኋላ ሣቁን ቢፈልገው አያገኘውም።

በድሮ ዘመን፣ ከወንዝ ማዶ ካለ ቀይ ጉብታ ላይ፣ አንጓች የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። መሬት የላትም። ከብት የላትም። ጉብታውም የራሷ አይደለም፤ የባላባቱ ነው። ባላባቱ ለእናቷ፦ «አገሬ ሸክላ እስካላጣ ድረስ ተቀመጡበት» ብሎ ነው የፈቀደው። እንግዲህ ሸክላው ካለ ጎጆ አለ። ሸክላው ከሌለ ጎጆም የለም።

እናቷ እማማ ጠጅቱ ጉድ ሴት ነበረች። ጭቃው ራሱ እሷን ሲያይ እሺ ይላል። ታዲያ አንድ ልማድ ነበራት። ከእሷ ቤት ሸክላ የገዛ ሰው፣ ሸክላው ሲሰበርበት ስባሪውን፣ ገሉን ማለቴ ነው፣ አይጥለውም። አንድ በአንድ ለቅሞ፣ በነጠላው ጫፍ ቋጥሮ ወደ ጉብታው ይወጣል። ጠጅቱም ገሉን ትቀበልና አንዲት ትንሽ ቶፋ ትሰጠዋለች። በነጻ! ለልጁ ወተት ማጠጫ ትሆነዋለች። ዝም ብላ ግን አትሰጥም፤ ትጠይቃለች።

፦ «በምን ተሰበረ?»

፦ «እኔ አይደለሁም እማማ፣ ጥጃ ነው!»

፦ «ይሄ ጥጃ ሁልጊዜ የእንስራ ጆሮ ላይ ነው እንዴ የሚቆመው? የጎረቤትህም እንስራ ከጆሮው ነው የሄደው። ጆሮው ሳስቶብኛል ማለት ነው። ተወው፣ አወፍረዋለሁ።»

ሰውየው ይሥቃል። ቶፋውን ይቀበላል። ዓይኑ አንድ ድስት ላይ ያርፍና፣ ድስቱ የሚይዘውን ጤፍ በዋጋው ሰፍሮ ሰጥቶ ድስቱን ይዞ ይወርዳል። ገል ሊመልስ ወጥቶ ሌላ ሳይገዛ የተመለሰ ሰው ጥቂት ነው።

ከዚያም ጠጅቱ ገሉን በሙቀጫ ትወቅጠዋለች። በወንፊት ትነፋዋለች። ከአዲሱ ጭቃ ጋር ታቦካዋለች። አንጓች ልጅ ሆና፦ «እማዬ፣ ስባሪ ለምን ትጨምሪበታለሽ?» ብላ ብትጠይቃት፣ ጠጅቱ፦ «አዲስ ጭቃ ብቻውን ፈሪ ነው ልጄ። እሳት ሲያይ ደንግጦ ይፈነዳል። አንዴ እሳት የቀመሰ ሲገባበት ነው ልቡ የሚረጋ» አለቻት።

ጠጅቱ አረጀችና ሞተች። ለልጇ ሁለት ነገር ትታላት ሄደች። አንደኛው ልማዱ ነው። ሁለተኛው ተወቅጦ በጓሮ የተከመረ ገል ነው፣ ጎጆ የሚያህል ክምር!

አንጓች ቢምረው የሚባል ባል አገባች። ቢምረው ክፉ ሰው አልነበረም። ሸክላ በጀርባው ተሸክሞ ገበያ ያወርዳል፣ ጀርባው ሲደክም ምላሱ አይደክምም። ገበያውን ሁሉ ያሥቃል። አንጓችም ስለ ምላሱ ነው የወደደችው፤ ኋላም ያጠፋቸው ያው ምላስ ነው።

አንድ ቀን ጓንጉል የሚባል ሲራራ ነጋዴ በቅሎዎቹን እየነዳ በጉብታው በኩል አለፈ። አንዱን እንስራ አነሣና አገላብጦ አየው።

፦ «ይሄንን የመሰለ ሸክላ ሰርታችሁ እዚህ ጉብታ ላይ ትፈዛላችሁ? ቆላ እወስደዋለሁ፣ ደጋ እወስደዋለሁ። የሰራችሁትን ሁሉ ስጡኝ፣ እኔ አልጠግብም!»

ቢምረው ያን ዕለት እንቅልፍም እህልም እምቢ አለው። በማግስቱ ጀመረ።

፦ «አንጓች፣ ይሄ ገል መውቀጥ ምንድነው? እጅሽ እኮ አለቀ! ያንን ጊዜ ብትሠሪበት ስንት እንስራ ይወጣው ነበር። ቶፋውስ? ሰው ሰክሮ ይሰብራል፣ እኛ ቶፋ እንሸልመዋለን! ጀግና ነው እንዴ?»

፦ «እናቴ ያኖረችው ልማድ ነው።»

፦ «እናትሽ ጓንጉልን አላየችም።»

እውነቱን እንነጋገር ካልን፣ የአንጓች ክንድ ደክሟል። ጠዋት ሙቀጫውን ስታየው ልቧ ይወድቃል። ጓሮ ደግሞ ያ ሁሉ ክምር አለ፤ ለዘላለም የሚያልቅ አይመስልም። እና፦ «እሺ፣ እንዳልክ» አለች። እንዲህ ነው ሰው ቤቱን የሚያፈርሰው፣ በጩኸት አይምሰላችሁ፣ በእሺ ነው።

ከዚያም እትዬ ይርገዱ የምትባል የመንደሩ ሴት የድስት ገል ቋጥራ ወጣች። ቢምረው በሩ ላይ ቆመ።

፦ «ገል አንቀበልም!»

፦ «ምን አልክ?»

፦ «የሰበረ ይግዛ። እዚህ ቤት ጥራጊ መጣያ አይደለም።»

፦ «ወግ ነው! ሚስትህ ጭቃ ስታቦካ አንተ ምላስ ታቦካለህ! አንጓችን ጥራልኝ።»

፦ «አንጓች ሥራ ላይ ናት።»

አንጓች ከውስጥ ትሰማለች። እጇ እስከ ክርኑ ጭቃ ውስጥ ነው። ልነሣ አለች። ተነሥቼስ ምን ልበላት አለች። ይርገዱ አልተጣራችም። ከጉብታው ጎን ወዳለው ገደል አፋፍ ሄደችና ነጠላዋን ፈታች። ገሉ እየተንኳኳ ወደ ታች ወረደ። አንጓች ድምፁ እስኪጠፋ ሰማችው።

ከዚያ በኋላማ ምን ልንገራችሁ፣ ደስታ ሆነ! የጓንጉል በቅሎዎች ተጭነው ይሄዳሉ፣ ባዶ ይመጣሉ። ቢምረው ለራሱም በቅሎ ገዛ። ዓመት በዓል ሳይሆን ሥጋ ተበላ። ክምሩ ስላለ ሸክላው እንደ ጥንቱ ጠንካራ ነው። ቢምረው በቅሎው ላይ ሆኖ፦ «አየሽ? ምን ጎደለ?» ይላታል። ምንም አልጎደለም። አንጓችም ቀስ በቀስ አመነችው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ግን ወደ ጉብታው የሚወጣ ሰው የለም። «በምን ተሰበረ?» የሚባል ጥያቄም የለም። የእንስራው ጆሮ እንደገና ይሳሳ አይሳሳ ማንም አይነግራትም።

አንድ ቀን ጓሮ ወጣች። ገል ልትጨልፍ እጇን ሰደደች። አፈር ነካች። ወዲያ ሰደደች፣ አፈር። ወዲህ ሰደደች፣ አፈር። ተንበርክካ በጥፍሯ ቧጠጠችው። ለአንድ ድስት የሚሆን እንኳ አጣች።

፦ «ቢምረው! ገሉ አለቀ!»

፦ «ታዲያ ምን ይሁን? የወንዝ አሸዋ ጨምሪበታ። ማን ከፍቶ ያየዋል?»

፦ «አሸዋ እሳት አያውቅም።»

፦ «እንግዲያው ከእሳት ጋር አስተዋውቂው!» ብሎ ሣቀ።

የባላባቱ ልጅ ሠርግ ደርሶ ነበርና ለጠላው ትልልቅ ጋን ታዟል። ጊዜም የለ። አንጓች አሸዋውን አቦካች። ሲተኮስ ግማሹ እሳት ውስጥ እየጮኸ ፈነዳ። ግማሹ ተረፈ። የተረፈው ሲያዩት ሙሽራ ነው፣ ቀይ፣ ለስላሳ። አንጓች ግን ፊቱን ማየት ፈራች።

፦ «አይሄድም ይሄ። እንንገራቸው።»

፦ «ለባላባቱ? ጋን የለም ልትዪው? ጎጆሽን ጠልተሽዋል?»

ጋኑ ሄደ። ጠላ ተሞላ። የሠርጉ ዕለት እድምተኛው ዳስ ውስጥ ጢም ብሏል፣ ጠላ ቀጂዋ እትዬ ይርገዱ ናት። አንዱ ጋን እንደ በሽተኛ ቃተተ። ይርገዱ ዞር ብላ አየችው። ሆዱ ላይ አንዲት መስመር ወጣች፣ ሰፋች፣ ጠላው ቧ አለ!

፦ «ኧረ ያዙልኝ! ኧረ ቅል አምጡ!»

ቅል ይዘው ሲሯሯጡ ሁለተኛው ፈነዳ። ጠላው በእድምተኛው እግር ሥር ጎረፈ። ምንጣፉ ዋኘ። ሽማግሌዎቹ ኩታቸውን ሰብስበው ቆሙ። አንዱ ቀልደኛ፦ «ጠላው እኛን ጠጣን!» አለና ዳሱ በሣቅ ተናጋ። ባላባቱ ግን አልሣቀም። ሙሽራይቱ አለቀሰች፤ የሠርግ ጠላ ሲፈስ ገዱ ክፉ ነው ይባላላ።

ወሬው ከበቅሎ ይፈጥናል። ጓንጉል ከዚያ ወዲህ በሌላ መንገድ አለፈ። ቢምረው ሮጦ ደረሰበት፣ ለመነው። ጓንጉል፦ «እኔ እንደሆንኩ ከሌላ አገር እገዛለሁ። ሸክላ ሠሪ ሞልቷል» ብሎ በቅሎውን ገረፈ። ያ ምላሰኛ ቢምረው ምላሱ ታሠረ። ቤቱ ገባ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ።

አንጓች ግን ተነሣች። ጥሩ ገል ባገኝ ሸክላው ይመለሳል፣ ሸክላው ከተመለሰ ጎጆውም ይተርፋል አለች። በጥንቱ ጊዜ የተሰሩ ጥቂት ቶፋዎች ቤት ነበሩ፤ በአገልግል አዝላ ወደ መንደር ወረደች። ከደጅ ደጅ ዞረች።

፦ «ገል አላችሁ? ቶፋ እሰጣለሁ።»

አንዱ ቤት፦ «ጥለነዋል» አሏት። ሌላው ቤት ልጆቹ፦ «ያቺ ጠላ ያፈሰሰችው መጣች!» ብለው አጨበጨቡ። መጨረሻ እትዬ ይርገዱ ደጅ ደረሰች። ይርገዱ ቁጭ በዪ አለቻት።

፦ «እትዬ፣ አጥፍቻለሁ። ያን ዕለት ሰምቼሽ ነበር። ገል ካለሽ ስጪኝ።»

፦ «ከየት አምጥቼ? አንዷን እሳት መጫሪያ አደረግኳት፣ እሷም ደቅቃ አለቀች። ሌላውን ገደል ሰደድኩት። አሁን በቅል ነው የምንቀዳ፣ የሚሰበርም ሸክላ የለን። ቂም አይምሰልሽ አንጓች። ቂም ቢሆን ይቅር እልሽ ነበር። የለም ስልሽ ግን የለም ነው።»

አንጓች ወደ ገደሉ ወረደች። ድንጋይ ገለበጠች፣ ቁጥቋጦ ፈለቀቀች። ክረምቱ ሁሉንም ጠርጎታል። አገልግሏን እንዳዘለች እዚያው ተቀመጠች፣ ፀሐይ እስክትዞር አልተነሣችም።

ከዚያም ባላባቱ አስጠራት።

፦ «ለእናትሽ የገባሁት ቃል ምን ነበር?»

፦ «አገርዎ ሸክላ እስካላጣ ነው ጌታዬ።»

፦ «አሁንስ?»

፦ «አጥቷል ጌታዬ። አንድ ክረምት ይታገሡኝ።»

፦ «አገሬ በቅል እየጠጣ ነው። ጉብታውን ልቀቁ።»

ለቀቁ። በቅሎው ተሸጠ። ሲወጡ መንደሩ በየደጁ ቆሞ አየ፣ አልሰደባቸውም፣ አልሸኛቸውም። ያ መንደር ራሱ ከዚያ ወዲህ አንዲት ማሰሮ ሲያምረው ተራራ ዞሮ ነው የሚሄድ። ማንም አላተረፈም ልጆቼ፣ ማንም።

ሩቅ አገር ደረሱ። አንዱ ባለመሬት፦ «ዝናብ እስኪጥል እዚህ ዳር ላይ ተጠለሉ፣ ከዚያ መሬቱን አርሰዋለሁ» አላቸው። አንጓች ከጓዟ መሃል የእናቷን እንስራ አወጣች፣ ጠጅቱ ራሷ ውሃ የምትቀዳበትን። አቀፈችው። ከዚያም በድንጋይ መታችው። ቢምረው ዓይኑን ሸፈነ። እሷ ወቀጠችው፣ ነፋችው፣ አቦካችው። በሕይወቷ እንደዚያ ያለ ሸክላ ሠርታ አታውቅም።

ገበያ አወጣችው። አንዲት ሴት ድስት አነሣች፣ በጣቷ ኳ አደረገችው። ድስቱ እንደ ደወል ጮኸ።

፦ «ውይ ሲያምር! የማን ቤት ሸክላ ነው?»

፦ «የእኔ ነው።»

፦ «አንቺን አላውቅሽም። ግድ የለም፣ ሸክላው መልካም ነው። ቢሰበርብኝስ የት አገኝሻለሁ?»

አንጓች አፏን ከፈተች። ገሉን አምጪልኝ፣ ቶፋ እሰጥሻለሁ ልትል። የት ነሽ ብትላትስ? ዝናቡ ሲጥል የት እንደምትሆን እሷም አታውቅ። ሌላ ውሸት ደግሞ ከአፏ አልወጣ አለ።

፦ «አላውቅም እቴ» አለች።

ሴትየዋ ድስቱን፣ እንዳይጋጭ ቀስ አድርጋ፣ ከነበረበት መልሳ አስቀመጠችውና ሄደች።

ሰማዩ በምሥራቅ በኩል ደመና ቋጥሮ ነበር።

ተረቴ አለቀ በእንባ፣ በአፌ ግን ትኩስ ቂጣ ይግባ!